ያለ ተኩስ የተቀበሩት ሻምበል

የሻምበል አበጀን ማረፍ የሰማሁት ቡሬ ገበያ ላይ፣ በርበሬዬን ዘርግቼ ከአንዲት ነገረኛ ገዢ ጋር ስከራከር ነው። «እርጥብ ነው፤ እንዲከብድ ውሃ ረጭተሽበታል» ትለኛለች። እኔም «ከፈለግሽ ውሰጂ፣ ካልፈለግሽ እለፊ» እላታለሁ። በዚህ መሀል ከብር ወንዝ ማዶ የሚመጣ አንድ የማውቀው ገበሬ አህያውን እየነዳ አጠገቤ ደረሰና «ሻምበል አረፉ፤ ቀብራቸው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው» ብሎኝ አለፈ። በርበሬውን ሴትዮዋ ባለችው ዋጋ ሰፈርኩላትና ተነሣሁ። በቀላሉ እሺ ስላልኳት ይበልጥ ተጠራጠረች መሰለኝ፣ እፍኝ አንሥታ ደጋግማ አሸተተችው።

መንገድ ስጀምር ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ሐሳብ «አሁን ይተኮስላቸው ይሆን?» የሚል ነበር። በእኛ አገር ጀግና ሲሞት ጠመንጃ ይጮሃል። ሳይተኮስለት አፈር የገባ ወንድ ካለ እናቱ ገበያ ወጥታ ቀና ብላ አትሄድም። ሻምበል አበጀ ደግሞ ይህንን የከለከሉ ሰው ናቸው። ለምን እንደከለከሉና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ክፉ ነበሩ ይላል። እኔ ክፉ ነበሩ አልልም። ደግ ነበሩም ብዬ ለመጨረስ ግን አንደበቴ አይታዘዘኝም።

ሻምበል የእኛው አገር ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአንድ መኳንንት ጋር አዲስ አበባ ወርደው ከንጉሡ ጦር ገቡ፤ ፈረንጅ አስተማሪዎች እጅ ወድቀው ጦር ሜዳን እንደ ዳዊት አጠኑ፤ ሻምበል ተባሉ። ጣልያን አገሩን ሲይዝ ከተበተነው ጦር አምልጠው በእግራቸው ወደ እኛ ተመለሱና ብር ሸለቆ ውስጥ ካለው ዋሻ መሸጉ። ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ሰው ናቸው። ጫማቸው ካለቀ በኋላ እንኳ በባዶ እግራቸው ሲሄዱ ጫማ ያደረጉ ይመስሉ ነበር። ከወታደርነታቸው የተረፈቻቸው አንዲት ኮት ነበረች፤ ቁልፉ ሲወልቅ ከከብት ቀንድ ጠርበው ይተኩበታል። ኮቷ ተበልታ ተበልታ ልትጠፋ ስትደርስ እንኳ እስከ አንገታቸው ተቆልፋ ነው የምትውለው።

ሰዉ ያወጣላቸው ስም «ዝም በል» ነበር። ጎጃሜን አትፎክር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። እሳቸው ግን ፉከራ ከለከሉ፣ ቀረርቶ ከለከሉ፣ ከጦርነት ሲመለሱ መዝፈን ከለከሉ። ገበሬውን ሁሉ በትር አስይዘው ያሰልፉታል፤ ዙር ሲሉት ግራ የተጋባውን «እርሻህ ዳር ስትደርስ በሬህን እንዴት ነው የምታዞረው? እንደዚያ ዙር» ይሉታል፤ ወዲያው ይገባዋል። ያጉረመርማሉ፣ በሌሉበት አካሄዳቸውን እያስመሰሉ ይሳሳቁባቸዋል። ግን ሌላው አለቃ ሰው ሲያልቅበት የእሳቸው ሰው አያልቅም። ስለዚህ ይታዘዟቸዋል።

እኔ ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ባሌን ፈትቼ አክስቴ ደብሬ ቤት ገብቻለሁ። በርበሬ ተሸክሜ ቡሬ ምሽግ ድረስ እገባለሁ። ሶላቶዎቹ፣ የጣልያን ወታደሮቹ፣ በርበሬ አይበሉም፤ ባንዳዎቹ ግን ያለ በርበሬ አይውሉም፤ ስለዚህ በር ላይ የሚከለክለኝ የለም። ያየሁትን ሁሉ መጥቼ ለሻምበል እነግራለሁ። ቆመው ነው የሚያዳምጡኝ። አንዴ ወሬውን አሳምሬ ስጀምር «አለሚቱ፣ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ የሰማሽውን ለገበያ ተዪው» አሉኝ። ተናድጄ በርበሬዬን ሰብስቤ ልሄድ ነበር። ደግሞ ሳስበው ልክ ናቸው፤ ተመልሼ ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው።

ሲመቻቸው ስለ አንድ መኮንን ያወሩ ነበር። ፕሩስያ የሚባል የፈረንጅ አገር ነበረ አሉ፤ እኛ ዘንድ ጎንደር ላይ ነገሥታት በነበሩበት ዘመን ነው። የሰውዬውን ስም ደጋግመው ጠርተውልኛል፤ ምላሴ አልያዘውም። የደኸየ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጢም ሳያበቅል ጦር ገባ፤ ጀርባው ላይ ዱላ እያረፈበት ሰልፍ ተማረ። ቆሰለ፣ ዳነ፣ ደግሞ ቆሰለ፤ በመጨረሻ የአንድ ሙሉ ጦር አዛዥ ሆነ። ደንቡም «በውጊያ መሀል ወንድሙም ቢወድቅ ከሰልፉ የሚወጣ ወታደር አይኑር» የሚል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የራሱ ወንድም ፊቱ ወደቀ። አዛዡ ከሰልፍ ወጥቶ አነሣው። እሱ በለቀቀው ቦታ ጠላት ገብቶ ብዙ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ሰውዬው ንጉሡ ድንኳን ሄደና ሰይፉን ፈትቶ መሬት ላይ አኖረ። «ደንቡን ያፈረሰ ወታደር ይቀጣል፤ እኔንም ቅጡኝ» አለ፤ ከዚያም ተራ ወታደር ሆኖ አገለገለ።

ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቄስ ገድል ሲያነብ እንደሚሆነው ነው። እኔም ጻድቅ መስሎኝ «በዓሉ በስንት ቀን ነው የሚውለው ሻምበል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

የተኩሱን ነገር እንዲህ ነው የከለከሉት። የአክስቴ ልጅ ምናለ አንድ ውጊያ ላይ ወደቀ። ያሳደገኝ ቤት ልጅ ነው፤ ወንድሜ ብል ይቀለኛል። ግራር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ሊቀብሩት ሰው ሲሰበሰብ፣ ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሻምበል «አውርድ!» አሉ። ጠላት ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ ተኩስ ከሰማ ያለንበትን ያውቃል፤ ጥይቱም ለጠላት እንጂ ለሬሳ የሚባክን የለንም አሉ። አክስቴ ደብሬ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ሻምበል፣ አንዲት ብቻ። ወንድ ልጅ መሆኑ እንዲታወቅ አንዲት ብቻ።»

ጎንበስ ብለው አነሷት። «እማማ፣ የእኔም ልጅ ቢሞት እንዲሁ ነው የሚቀበረው» አሏት።

ሰዎቹን አሰልፈው፣ ራሳቸውም ከፊት እንደ ተተከለ ግንድ ቀጥ ብለው፣ አፈሩ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ የወደቀው ሁሉ እንዲሁ ነው የተቀበረው። አክስቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ አልወጣችም። «ልጄን ደብቄ ነው የቀበርኩት» ትላለች። ስትተኛም ስትነሣም ይህንኑ ትላለች፤ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ የምትመልሰው ይህንኑ ነው። እኔ ሻምበልን አልጠላሁም ያኔ። ቡሬ ምሽግ ውስጥ ያለውን ጦር በዓይኔ የማየው እኔ ነኝ፤ ልክ መሆናቸውን አውቃለሁ።

ሻምበል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ታከለ ይባላል። መልኩ የእናቱ የወይዘሮ ውድነሽ፣ ቁመቱ የአባቱ። አባቱ ስር ሲዋጋ ከሌላው ለይተው አያዩትም ነበር፤ እንዲያውም ውሃ ቅዳ፣ ዘብ ቁም ሲሆን በእሱ ይብሳል። ብር መሻገሪያ ላይ የጣልያን መኪና አድፍጠው ሲጠብቁ ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ ጠዋት እኔ ከቡሬ ስመጣ በቃሬዛ ይዘውት ግራር ሚካኤል ደርሰዋል። ሻምበልን ነጥዬ «ባንዳ ከምሽግ ወጥቷል፤ ትናንት ያደፈጠውን ሰው ፍለጋ ሸለቆውን እያሰሰ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳቸው። «እሺ» አሉኝ። ሰምተውኛል። በኋላ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ ሰምተውኛል።

አስከሬኑ ጉድጓዱ አፋፍ ሲደርስ ሁሉም ሰው ሻምበልን ያያል። አክስቴ ደብሬም ልታለቅስ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ወይዘሮ ውድነሽ አላለቀሱም። ከባላቸው ፊት ቆሙ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንቱ ሲሏቸው ነው የኖሩት፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሏቸው።

«አበጀ፣ በጦርህ ገብቼ አላውቅም፤ በቤትህም አዝዤህ አላውቅም። ልጄን ሰው አድርገህ ቅበርልኝ። እንደ ሌባ አትቅበርብኝ።»

ሻምበል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወደ ሸንተረሩ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይሆንም ብዬ። የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ከዚያ የታከለን ጠመንጃ ከቃሬዛው ላይ አነሡና ወደ ሰማይ ተኮሱ።

አንዲት ብቻ ነበረች። እሳቸው አንዲት ብቻ ነው የተኮሱት። ግን ያ ሁሉ ሰው እስከዚያ ቀን ሬሳውን አፍኖ ሲቀብር የኖረ ነው። አንዱ የወንድሙን ስም ጠርቶ ተኮሰ፤ ሌላው የአባቱን ስም ጠርቶ ተኮሰ። ሻምበል «አቁም!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ያ ሲዘጋ የኖረ ፉከራ ሁሉ ባንዴ ወጣ። አክስቴ ደብሬ ብድግ አለች። ከምናለ ሞት ወዲያ ቀና ብላ ስትቆም ያን ቀን ነው ያየኋት። ነጠላዋን ወደ ላይ እየወረወረች «ምናለ ልጄ! ዛሬ ተቀበርክልኝ! ዛሬ ተቀበርክልኝ!» ትላለች። እልልታዋ አሁንም አንዳንዴ በርበሬ ስለቅም ይሰማኛል።

የጠላት መትረየስ ከሸንተረሩ ላይ የጮኸው እሷ እልል ስትል ነው። ቀጥሎ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ። የተሰበሰበው ሰው ሴት ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ቄስ ነው። ወዴት ይሮጣል? የአክስቴን ሬሳ ያገኘሁት የምናለ መቃብር ላይ ነው፤ ነጠላዋ እጇ ላይ ተጠምጥሟል። ታከለን እንኳ አፈር ሳናለብሰው ነው የሸሸነው፤ አባቱ ብቻቸውን ተመልሰው ቀበሩት። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከነበረችው መንደር የቆመ ቤት አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ሻምበል ዋሻው በር ላይ ያደረጉትን ደግሞ ስንቅ ላቀብል ሄጄ ስለነበር አይቻለሁ። ሰዎቻቸውን አሰለፉ፤ የተረፉትን። ከሰልፉ ፊት ወጡና የወገብ ትጥቃቸውን ከነሽጉጡ ፈትተው መሬት ላይ አኖሩ።

«ደንቡን ያወጣሁ እኔ ነኝ። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። ከእናንተ አንዱ ቢያፈርሰው ምን እፈርድበት ነበር?»

 ምክትላቸው ግራዝማች ካሤ ወደፊት ወጥተው «ሻምበል፣ ልጅ ነው የሞተብዎ» አሏቸው።

«ምናለም ልጅ ነበር» አሉ ሻምበል።

ግራዝማች አለቀሱ። በግድ ነው አለቅነቱን የተቀበሉት። ሻምበል ኮታቸውን አውልቀው በርኖስ ለሌለው ለአንድ ገበሬ ሰጡትና ከሰልፉ መጨረሻ ሄደው ቆሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ዘብ ቆሙ፣ እንጨት ለቀሙ፣ በቅሎ ጠበቁ። ጠዋት ጠዋት ግራዝማችን እንደ ማንኛውም ወታደር እጅ ይነሡ ነበር። ግራዝማች ያን ሰዓት ይፈሩት ነበር፤ ነግሮኛል ገበሬው፣ በርኖስ የሌለው።

እኔ ጠላኋቸው። እንዲያው ልናገረው፤ ጠላኋቸው። አክስቴን አንድ ጥይት ሲነፍጓት ልክ ናቸው ብዬ የቆምኩ ሰው ነኝ። ለራሳቸው ሲሆን እንዴት ተገኘ ያ ጥይት? ወሬዬን ለግራዝማች እንጂ ለእሳቸው አልነግርም። አንድ ቀን ወደ ዋሻው ስወጣ ዘብ ቆመው አገኘኋቸው።

«ማነሽ?» አሉኝ።

«አያውቁኝም?»

«አውቅሻለሁ። ማነሽ?»

ስሜን ተናገርኩ። አሳለፉኝ። ሳልፍ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ወደ መንገዱ አይደለም የሚያዩት፣ ወደ ሰማይ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ጥላቻ እንደ በፊቱ አልሆን አለኝ።

ጣልያን ሄደ። መንግሥት ሰው ልኮ ማዕረግዎን ይውሰዱ፣ ደመወዝዎን ይውሰዱ ቢላቸው «እኔ ተራ ወታደር ነኝ፤ ሻምበል የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብለው መለሱት። እኛ ግን ሻምበል ማለቱን አልተውንም። መሬታቸውን እያረሱ ከወይዘሮ ውድነሽ ጋር አረጁ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተነጋግረው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ ውድነሽ እንደገና አንቱ ማለት ጀምረዋል። ሰርግ ቤት ጠመንጃ ሲተኮስ ሻምበል የያዙትን ጉርሻ መልሰው ያኖሩና ውጭ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ። ጠሪው ደንግጦ ይከተላቸዋል። እሳቸው «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ ሰማዩን ማየታቸውን አይተዉም።

በየወሩ በሚካኤል ዕለት ደግሞ የአክስቴና የምናለ መቃብር ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። አይጸልዩም፣ አያለቅሱም፤ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። አንድ ጊዜ አጠገባቸው ቆምኩና ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው።

«ሻምበል፣ ያ የፕሩስያው ሰውዬ፤ ንጉሡ ሰይፉን መለሰለት?»

«አስተማሪያችን አልነገረንም» አሉኝ።

«እርስዎስ አልጠየቁትም?»

«አልጠየቅሁም። ወጣት ነበርኩ፤ ሰይፉን መሬት ላይ ማኖሩ ብቻ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ስላለው ዕድሜ መጠየቅ እንዳለብኝ ምን አውቄ።»

እንግዲህ የሞቱት እኒህ ሰው ናቸው።

ግራር ሚካኤል ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙን ሞልቶታል። ችግሩ የመጣው ካልጠበቅነው በኩል ነው። የሻምበልን ሞት የሰማ የመንግሥት ሹም ለአርበኛ ክብር ብሎ ከደብረ ማርቆስ ወታደሮች ልኳል። አለቃቸው አንድ መቶ አለቃ ነው፤ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ገና ልጅ እግር። ወታደሮቹን ጉድጓዱ ዳር አሰልፏል። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ «እንዳይተኮስ የሻምበል ቃል ነው» ይሉታል። እሱ በትሕትና «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ጀግና ያለ ተኩስ አይቀበርም፤ ደንብ ነው» ይላል። ደንብ ነው ሲል ግራዝማች ካሤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የእኛን ሰው ብታዩት ልባችሁ ይነካ ነበር። የከተማው ወታደር ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ልጆቻቸውን ወደ ግንቡ ስር ይስባሉ፤ አንዲት አሮጊት መቃብር ተጠግተው ተቀምጠው ጆሯቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ለመቶ አለቃው ነገሩን እኔ ነገርኩት፤ አጭር አድርጌ፣ ያየሁትን ብቻ። ሰማኝ። ፊቱ ተለወጠ። ነገር ግን የተላከ ሰው ነው፤ ሳልተኩስ ብመለስ ምን እላለሁ ብሎ ተጨነቀ። ባለቤቲቱ ይወስኑ አለ በመጨረሻ።

ወይዘሮ ውድነሽ ከቃሬዛው ራስጌ ተቀምጠዋል። መልስ ሳይሰጡ ግራዝማች ካሤ ቀረቡና ከጋቢያቸው ስር አንድ ነገር አወጡ። ያ ዋሻው በር ላይ የተፈታው ትጥቅ ነው፤ ሽጉጡ ከነማኅደሩ። ይህን ሁሉ ዓመት በቅቤ እያሹ አስቀምጠውት ኖረዋል። አስከሬኑ ላይ አኖሩት። ወይዘሮ ውድነሽ አዩት፤ እጃቸውን ሰደው ሊያነሡት ነው ብዬ ስሰጋ፣ ጠማማ የነበረውን ቀና አድርገው አስተካከሉት። መቶ አለቃው ይህን ሲያይ ፈቃድ መሰለውና እጁን ወደ ላይ አነሣ። ጠመንጃዎቹም ተነሡ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ውድነሽ ተነሡ።  

«ተዉ ልጆቼ። ለልጄ የተተኮሰው ለአባቱም ይበቃል።»

መቶ አለቃው እጁን አወረደ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ እሱም ሳይታዘዝ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የእኛም ሽማግሎች ድሮ እንደተማሩት ከኋላው ቀጥ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከአካፋው ድምፅ በቀር ምንም ሳይሰማ አፈሩ ተመለሰ። ግን አንዳችንም ጉድጓዱን አላየንም። ሁላችንም የምናየው ሰማዩን ነበር።